ትርንጎን ለደበቅኩበት ጋዜጠኛ

ብሩክን ዋሽቼዋለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ። ለንስሐ አባቴም እንኳ አልተናገርኩም።

ዛሬ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ስልኬን ብከፍት ፎቶውን ከሻማ ጋር ለጥፈውታል። ሌላ ሰው መስሎኝ አለፍኩት። ተመልሼ ሳየው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት እኮ «ጋሼ ተስፋዬ፣ ሙቀቱ አልጨረሰህም?» ብሎ ድምፁን ልኮልኛል። ነገ እመልስለታለሁ ብዬ ተውኩት። አዲስ አበባ እናቱ ቤት እንደተኛ ቀረ አሉ። ልቡ ነው። እስካሁን አልገባኝም።

ለማታውቁት፣ ብሩክ ጋዜጠኛ ነበር። በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ወደዚህ ወደ ጅቡቲ እየመጣ፣ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገሩ የሚመጡ ልጆቻችንን ያነጋግራል። ማረፊያው ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ያለችው የስልክ መጠገኛ ሱቄ ነበረች። ባዶ ጀሪካን ገልብጦ ይቀመጥና ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ይዘረጋል። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስምህ ማነው፣ ከነአባትህ?» ብሎ ነው። ልጆቹ ፈርተው የሆነ ያልሆነውን ይነግሩታል፤ እሱም ይጽፋል። ሲነሳ ደግሞ ለሁሉም «ሌላ ነገር ትዝ ካለህ አለሁ» ይላል።

አንዴ «አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ማን ሊያነበው ነው? የእነዚህን ልጆች ቀዬ እንኳን ዓለም፣ የኛው ሬዲዮ ስሙን አያነሳው» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ» አለኝ እየሳቀ። «አንድ ቀን ግን አንድ ሰው ከደሴ ደወለልኝ። ‹የጻፍከው ልጅ ወንድሜ ነው፤ ዕድሜውን ግን ተሳስተሃል፣ ሃያ ሁለት ነበር› አለኝና ዘጋው። ሌላ ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ማን ያነበዋል ብዬ አልጠይቅም። ዕድሜውን እንዳልሳሳት ብቻ ነው የምፈራው።»

ትርንጎ፣ ከብሩክ የደበቅኳት ልጅ፣ ከወሎ ገጠር ነበር የመጣችው። በአካባቢያቸው ተኩስ ነበር፤ እርሻው ጾሙን አድሯል፤ ትምህርት ቤቱ የወታደር ማደሪያ ሆኗል። ባለቤቴ እታገኝ ሚኒባስ መቆሚያው ጋ ታማ ወድቃ አገኘቻትና ከተማው ዳር ባልባላ ወዳለው ቤታችን ይዛት መጣች። ዘጠኝ ቀን ተቀመጠች።

ደላላው «በክርስቲያን ስም ሳውዲ ሥራ አይገኝም» ብሏት ዘሀራ ተብላለች። የምትሄድ ቀን ማተቧን ፈትታ ለእታገኝ ሰጠቻት። «እትዬ፣ አልካድኩም እኮ፤ አስቀምጭልኝ ነው ያልኩሽ» አለቻት።

ከሄደች በሁለተኛው ሳምንት ብሩክ ሱቅ መጣ። እነትርንጎን የጫነችው ጀልባ ኦቦክ ወደብ አጠገብ ተገልብጣለች፤ ስለሞቱት ልጆች የተረፉትን አነጋግሯል። ከደብተሩ አነበበልኝ። «ዘሀራ። አንገቷ ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት አላት። ካርቲየ 1 ስልክ የሚጠግን ሐበሻ ቤት ነው ያረፍኩት ብላቸው ነበር።» ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ አንተ ነህ?»

«በዚህ አገር ስልክ የሚጠግን ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ» አልኩት።

የመኖሪያ ወረቀቴን ላሳድስ አስገብቼ ነበር። ሰው ደብቀሃል ብለው እንዳያባርሩኝ ፈራሁ። ብሩክ ደብተሩን ዘጋ። «እሺ ጋሼ። ትዝ ካለህ አለሁ።»

ጽሑፉ ሲወጣ አነበብኩት። «ዘሀራ፣ የአባቷ ስም ያልታወቀ፤ ኦቦክ ባሕር ዳርቻ ተቀብራለች» ይላል።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ትርንጎ እናቷን ታነጋግር የነበረው በእኔ ስልክ ነው። እናትየው ሲደውሉ «ተሻግራለች፤ ያለችበት ኔትወርክ የለም» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመት በዓሉ ይደውላሉ። ቁጥሩን አያለሁ፤ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ።

እታገኝ «አንተ ሰውዬ፣ ያቺ ልጅ እኮ እናት አላት» እንዳለችኝ አረፈች። ሁለት ዓመቷ። አሁን ቤት ስገባ የሚቆጣኝ እንኳ የለም።

ሳስበው፣ ራሴን ያታለልኩት በጸሎት ነው። በየጠዋቱ ስሟን እያነሳሁ «እግዚአብሔር ያውቃታል» እላለሁ። ያውቃታል። ግን እሱ ማወቁ እኔን ከመናገር አያድነኝም ነበር። ብሩክ ያን ሁሉ መንገድ የሚመላለሰው፣ እንደ እኔ ያለ ሰው የሚያውቀውን ይዞ ቁጭ ስለሚል ነው። እታገኝ የለችም። ጠያቂውም የለም። የማውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ፤ እኔም ስልሳ አራት ዓመቴ ነው።

ብሩክ፣ አውቀህብኝ እንደነበር ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ ስትመጣ ስንቴ ሻይ ጠጣን፤ ያንን ጥያቄ ግን አልደገምክብኝም። እኔ ደግሞ በልቤ «አንድ ጊዜ ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ» እል ነበር። እንዲህ ስንተያይ ቀረን።

ይቅር በለኝ ልጄ። ነፍስህን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልኝ። ደህና ሁን። ለአንተ ሳልነግርህ የቀረሁትን ግን ዛሬ ሌላ ሰው ጋ አድርሻለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሱቁን ዘጋሁና ደወልኩ። የትርንጎ እናት ወዲያው አነሱት። «ወንድሜ፣ ተገኘች?» አሉኝ።

«እናቴ፣ ትርንጎ አልተሻገረችም» አልኳቸው። «ባሕር ላይ ነው የቀረችው። ዋሽቼዎታለሁ።»

ከጀርባቸው ዶሮ ሲንጫጫ ይሰማኛል።

«እኔ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «እስካሁን በቤተ ክርስቲያን ስሟን ከሕያዋን ጋር ነው የማስጠራው።»

መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። የት እንደተቀበረች፣ ማን ብለው እንደቀበሯትም ጠየቁኝ። አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳቸው።