ሲገባ ስልሳ፣ ሲወጣ ስልሳ
ክፍሉን ገና ሳየው ዓይኔ የፈለገው መስኮት ነበር። የለውም። ተደራራቢ አልጋዎች፣ የበረኪና ሽታ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ስልክ። አገር ቤት በፖለቲካ ሁለቴ ታስሬ ሸሽቼ መጣሁ፤ እዚህም ጥገኝነት ጠይቄ ከሲያትል በስተደቡብ ባለ የስደተኞች ማቆያ ገባሁ። ቢጸዳም እስር ቤት ያው እስር ቤት ነው!

ዳኛው በስምንት ሺህ ዶላር ዋስ እንድወጣ ፈቀዱ። ሬንተን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ጋር የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያዋጡት አራት ሺህ ተቀምጧል፤ መዋጮውን የሰበሰቡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቀሪው እስኪሞላ ቀን እቆጥራለሁ።

አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓቱ ደወልኩለት። ሲያትል ውስጥ ሶዶ በሚባል ሰፈር መጋዘን ነው የሚሠራው። ድምፁ አላማረኝም።

"ብሩ የት ደረሰ?"

"ፊውቸርስ ላይ ነው ወንድም ጋሼ። ቢትኮይን፣ በዋጋው መውጣትና መውረድ የሚነገድበት። ዋስህን ቶሎ ልሙላ ብዬ... በብድር ሃያ እጥፍ አደረጉልኝ። ሶ፣ ብዙውን ጊዜ አሸንፋለሁ፤ ግን ብሩ ይቀንሳል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።"

ስልኩን ሰቅዬ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ።

ከእኔ በታች የሚተኙት የአስመራ ሰው ታክሲ እየነዱ በዚሁ ንግድ ያላቸውን ሁሉ የጨረሱ ናቸው። ነገርኳቸው።

"ፊውን፣ የንግድ ክፍያውን፣ ከየትኛው ብር ነው የሚቆርጡበት?" አሉኝ።

"ከራሱ ነዋ፣ ከአራቱ ሺህ።"

"የለም ወደይ፣ ልጄ! ከሰማንያው ሺህ ነው፣ ከነብድሩ። በሺህ ሰባ አምስት ሳንቲም ብለህ አስላው፤ ሲገባ ስልሳ፣ ሲወጣ ስልሳ። ደግሞ 'አሁኑኑ' ብሎ ሲቸኩል ስክሪኑ ላይ ባየው ዋጋ አያገኝም። ከፍ ባለ ይገዛል፣ ዝቅ ባለ ይሸጣል። በቀን ስንቴ ነው የሚገባ የሚወጣው?"

አላውቅም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ስደውል የአስመራው ሰው አጠገቤ ቆሙ። "በቀን አራት አምስቴ" አለ ወንድሜ። የቀረው ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነው። "አሁንም ገብቻለሁ። ይሄ አንዱ ብቻ ከተሳካ ዓርብ ትወጣለህ!"

ላም አለኝ በሰማይ! ግን ዓርብ! መውጣት እፈልጋለሁ፤ እንዴት አልፈልግም?

"የሚሸጥበትን ዋጋ ቆርጦ እስኪደርስ ይጠብቅ፣ ፊው ይቀንስለታል" አሉ የአስመራው ሰው በሹክሹክታ። ልክ ናቸው። ወንድሜን ግን አውቀዋለሁ፤ ከጠበቀ ሐሳቡን ይለውጣል።

"አሁኑኑ ሽጠው" አልኩት።

"ኧረ ያስከፍለኛል! ዋጋውም—"

"ክፈልና ውጣ። የቀረውን ለሰዎቹ መልስ። የጎደለውን ራስህ ንገራቸው።"

"አንተስ?"

"እኔ እስር ለምጃለሁ።" ውሸቴን ነው።

ትንሽ ቆይቶ "ሸጥኩ" አለና ማልቀስ ጀመረ። አልተቆጣሁትም። የስልኩ ሒሳብ እስኪያልቅ መነጋገሪያውን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ።

ጉዳዬ እስኪወሰን አምስት ወር ቆየሁ። እሱ ድርብ ሺፍት እየሠራ የሰዎቹን ገንዘብ መለሰ። ዛሬ ቱክዊላ አብረን እንኖራለን። ለምን ያን ያህል ቆየህ ሲሉኝ "ወረቀቱ ዘግይቶ ነው" እላለሁ፤ እሱ አቀርቅሮ ይሰማል።

ባለፈው ፋሲካ እንግዶች ፊት እንደዚያው ስል ግን ቀና አለ።

"ወረቀቱ አይደለም" አለ። "የዋሱን ብር ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ላስተባብልለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት።