የቀለበቴ ሽምግልና

ቀለበት ማድረግ አልወድም ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ እጄ ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ነው። ልንጋባ ስንል እጮኛዬን “አንድ ስስ የወርቅ ቀለበት ይበቃኛል፣ እሱም ከተገኘ” አልኩት፤ እሱም “እሺ” አለ። ያለ ክርክር የተስማማንበት ጉዳይ እሱ ብቻ ይመስለኛል። ስምምነቱም የቆየው አልማዙ እስኪመጣ ድረስ ነው።

አልማዙ ከጅዳ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ የገባው በቫዝሊን ዕቃ ውስጥ ነው። የላከችው የእጮኛዬ ታላቅ እህት ነበረች፤ ያመጣችው ደግሞ ወደ አገሯ የምትመለስ የሰፈራችን ልጅ። ቫዝሊኑን በማንኪያ ስንምስ ከታች ምስር የምታክል ነገር ወጣች። በሳሙና ስናጥባት ብርጭቆ መሰለች። መስኮቱ አጠገብ ስናስጠጋት ግን ግድግዳው ላይ ቀለም ረጨች። እጮኛዬ “ወላሂ አልማዝ ነው” አለ። የግብርና ባለሙያ ነው፤ በዕድሜው አልማዝ አይቶ አያውቅም።

ድንጋዩ የማዳሟ የጆሮ ጉትቻ ላይ የነበረ ነው። የእጮኛዬ እህት ይህችን የታመመች አሮጊት አሠሪዋን ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ ስታጎርስ ነው የኖረችው። አሮጊቷ ልትሞት ስትል አንዱን ጉትቻ አውልቃ መዳፏ ውስጥ አስቀመጠችላት። እህትየውም ለራሷ አላደረገችውም። ለወንድሟ ሚስት ላከችው፤ ትእዛዙ ደግሞ በስልክ ተከተለ።

“ቀለበትሽ ላይ ይሠራ” አለችኝ። “ግን ኸፍ ብሎ፣ በጥፍር ተይዞ። ማዳሞቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ያን ሁሉ ዓመት ደክሜ የላክሁት ተሸፍኖ እንዳይቀርብኝ፣ በረሱል!”

ዋናው መንገድ ላይ አንድ ወርቅ ሠሪ ነበር፤ ሄድን። አልማዝ ሠርቶ እንደማያውቅ አልደበቀንም። ይህ ግን አስተያየት ከመስጠት አላገደውም። ዓመቱ ካለፈ የቆየ የዱባይ ቀን መቁጠሪያ ከግድግዳው አውርዶ አቧራውን አራገፈና በላዩ የታተሙትን የቀለበት ሥዕሎች በምስማር ጫፍ እየነካ አስረዳን። በአንደኛው ሥዕል ወርቁ አራት ቀጫጭን ጥፍር ያወጣና ድንጋዩን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ብርሃን ከጎንም ከሥርም ስለሚገባ ከሩቅ ያበራል። በሌላው ወርቁ ድንጋዩን ዙሪያውን እንደ ስኒ ከንፈር ያቅፈዋል፤ የሚታየው አናቱ ብቻ ነው። በመጨረሻው ወርቁ ተቦርቡሮ ድንጋዩ እውስጡ ይቀበራል፤ በእጅ ሲዳሰስ ልሙጥ ነው።

“ይሄኛው የወንድ ነው” አለ ስለ መጨረሻው።

እኔ ወዲያው ወደድኩት፤ ጠመኔ አይገባበትም። “ይሄን” አልኩ። ወርቅ ሠሪውም እጮኛዬም ስለ ዝናቡ የተናገርኩ ይመስል በትህትና ሰሙኝና ወደ ቀን መቁጠሪያው ተመለሱ።

የእጮኛዬ እናት ከውጫሌ በላይ ባለች አንዲት የአምባሰል መንደር ይኖሩ ነበር። ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው አላውቅም። በማግስቱ ከአምባሰል በወረደው የመጀመሪያ መኪና ላይ ነበሩ። ድንጋዩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ዘር እንደሚመርጥ ሰው አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ።

“ይሸፈን” አሉ። “ዙሪያውን ወርቅ ይልበስ። ሰው ያየው ነገር ጥያቄ አያጣም። ኸየት መጣ ይላል፣ በምን መጣ ይላል።”

“እርሷ ግን ከፍ ይበል ብላለች” አለ እጮኛዬ።

“ማን ናት እርሷ?” አሉ አማቴ።

ማን እንደሆነች አሳምረው ያውቃሉ። የገዛ ልጃቸው፣ አንድ ጠዋት “ገበያ ደርሼ ልምጣ” ብላ ወጥታ ከደላላ ጋር በባቲ በኩል በረሃ የገባች ናት። ባሕር ተሻግራ ድምጿ እስኪሰማ ድረስ እናትየው በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ ከረሙ። ድምጿ ሲሰማ ደግሞ ለማናገር እምቢ አሉ። ለዓመታት፣ የወንድ ልጃቸው ስልክ በጮኸ ቁጥር “ላሟን ልይ” ብለው ይወጡ ነበር። በአምባሰል እንደዚያች ላም የታየች ላም የለችም።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቀለበቱ ከፍ ካለ እናትየው እጄን ዳግመኛ አያዩትም። ከተሸፈነ ልጅቷ “ድካሜን ደበቁት” ብላ ትቀየማለች፤ አንድ ቀን ለመምጣት የነበራትን ሐሳብም ትተወዋለች። የፈራሁት ለቀለበቱ አልነበረም። እኔ በመረጥኩት የወርቅ ዓይነት ምክንያት እናትና ልጅ ሳይተያዩ እንዳይሞቱ ፈራሁ። አንድ ሙሽራ ልትፈራው የሚገባ ነገር አይመስለኝም።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች የሰርጉን ቀን ሊቆርጡ አባቴ ቤት መጡ። በእጮኛዬ በኩል አጎቱ ሼኩ፣ በእኛ በኩል ደግሞ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ መሪጌታው ነበሩ። በሙስሊም ሰርግ መሪጌታ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለወሎ እንግዳ ነው። ቀኑ በአጭር ጊዜ ተቆረጠ። ነገር ቶሎ ሲያልቅባቸው ሽማግሌዎች ቅር እንደሚላቸው እጮኛዬ ያውቃል መሰል፣ የቀለበቱን ጉዳይ አነሳላቸው። ሁለቱም ፊታቸው በራ።

ቀን መቁጠሪያው ከወርቅ ሠሪው ቤት ተልኮ መጣ። መሪጌታው መነጽራቸውን አድርገው ጥፍሩንም ከንፈሩንም መረመሩ። ከዚያ ወደ ጅዳ ተደወለና ስልኩ ጮክ ብሎ እንዲሰማ ተደርጎ መሐል ላይ ተቀመጠ። የልጅቷ ድምፅ “አሰላሙ አለይኩም” ሲል ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተው የነበሩት አማቴ ብድግ አሉ። የእኛ ቤት ላም የለም። የጎረቤቱን አህያ ሊያዩ ወጡ።

ልጅቷ ቃሏን ሰጠች። አማቴም ከአህያዋ ሲመለሱ ቃላቸውን ሰጡ። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተንሾካሾኩ።

“ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” አሉ መሪጌታው። “በዚህ ጎን ወርቁ ይቀፈው። በዚያኛው ጎን ሁለት ጥፍር ይያዘው። እናትም አላፈረች፣ ልጅም አላፈረች።”

ሼኩ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም “አሚን” አልን። በእኛ አገር አሚን የተባለበት ነገር ይግባኝ የለውም።

ወርቅ ሠሪው ፍርዱን ሲሰማ “ድንጋዩ ሽማግሌ አይሰማም እኮ” ብሎ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ሠራው። ግማሹ ታቅፎ ግማሹ ተገልጦ፣ አንድ ዓይኑ እንቅልፍ የያዘው ሰው መሰለ። አማቴ በሰርጉ ቀን እጄን በጨበጡ ቁጥር ቀለበቱን አሽከርክረው የተሸፈነው ጎን ወደ ሰው እንዲዞር ያደርጉት ነበር። ልጅቷ ፎቶውን በሰው ስልክ አይታ “ጥሩ ነው” አለች። ለሰርጉ ከአሠሪዎቿ ፈቃድ አላገኘችም። ከዚያም መደወሉን ቀነሰችና ተወችው። ሽምግልናው ሁለቱንም እኩል አስከፍቷቸው ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ይህን እንደ ጥሩ ውጤት ቆጠሩት። እኔ ተናድጄ ነበር። የምናደድበት ሰው አጥቼ ለረጅም ጊዜ በቀለበቱ ላይ ተናደድኩ።

ከዓመታት በኋላ ሳውዲ ወረቀት የሌለውን ሰው ሁሉ እየሰበሰበ በአውሮፕላን መመለስ ጀመረ። አምባሰል ውስጥ ልጁን የማይጠብቅ ቤት አልነበረም። አማቴ ሬዲዮ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ሰሞን ግን ሬዲዮኑን ታቅፈው ይውሉ ነበር፤ ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። አንድ ቀን ባሌ ከማያውቀው ቁጥር ተደወለለት። እህቱ ነበረች፣ ከያዟቸው ቦታ ሆና በሰው ስልክ። የለበሰችውን ይዛ ብቻ እንደምትመጣ ነገረችው። ሻንጣዋ፣ ለቤት የገዛቻቸው ዕቃዎች፣ ሁሉም እዚያው ቀርቷል።

በማግስቱ ከክፍል አስጠሩኝ። አማቴ ወርቅ ሠሪው ቤት ሆነው ልከውብኝ ነው። ስደርስ ሰላምታ እንኳን አላስጨረሱኝም።

“አውልቂው” አሉኝ። ወደ ወርቅ ሠሪው ዞረው “መሸፈኛውን አንሳልኝ። አራት ጥፍር አድርገህ ኸፍ አድርገው” አሉት።

ወርቅ ሠሪው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። “እናቴ፣ ይሄ አሚን የተባለበት ቀለበት ነው። አልነካም።”

“የኔ ነው እኮ ነገሩ!”

“የርስዎ ቢሆንም። ልጆች አሉኝ፤ እርግማኑ ይደርስባቸዋል።”

ወይ ፍንክች አለ። ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ሼኩ የወርቅ ሠሪውን ብቸኛ ወንበር ያዙ፤ መሪጌታው የታሸገ ሲሚንቶ ላይ ጋቢያቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። ሁለቱም አርጅተዋል፤ ግን የጉዳዩን ዝርዝር አልረሱትም። ሼኩ እንደ ወጉ ለአማቴ ጥያቄ አቀረቡ፦ ያኔ ይሸፈን ብለው ነበር፤ ዛሬ ምን ተገኘ?

አማቴ መጀመሪያ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያስተካክሉ ቆዩ።

“ባዶ እጇን ነው የምትመጣው” አሉ። “ያን ሁሉ ዓመት ሠርታ ባዶ እጇን። የቀራት ይቺ ድንጋይ ናት። ያኔ ይሸፈን ያልሁት ሰው እንዳያወራባት ነበር፤ ወላሂ ለሌላ አይደለም። አሁን የሚያወራው ያውራ። ልጄ ስትገባ ምንም እንዳላመጣች አይሁንባት።”

መሪጌታው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ደጋግመው ጠረጉት። እኔ እኒህን ሴትዮ ለዓመታት ልበ ደረቅ ስላቸው ኖሬያለሁ፤ ለራሴም ለባሌም።

“በሉ ያኔ የሰጠነው ፍርድ ተነስቷል” አሉ ሼኩ። እንደገና ዱዓ ተደረገ፤ እንደገና “አሚን” አልን። ወርቅ ሠሪውም ያኔ መሣሪያውን አነሳ።

አማቴ ሥራው እስኪያልቅ ከወርቅ ሠሪው አናት በላይ ቆመው ነበር።

“ኸፍ አድርገው።”

“ከዚህ በላይ አይሆንም፣ እናቴ።”

“ኸፍ አድርገው አቦ!”

ያ ቀለበት ሲያልቅ አልማዙ ቆጥ ላይ እንደወጣች ዶሮ ሆነ። እጄን ኪሴ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም። ሰሌዳ ሳጠፋ ይጭረዋል። ተማሪዎቼ ከጽሑፉ ይልቅ እጄን ያዩ ጀመር።

ልጅቷ የመጣች ቀን አማቴ ቤት ነበርን። ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። አንድ ሰው መንገድ ላይ ተቀብሏት አብረው ሲገቡ አየናት፤ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ በእጇ አንድ ፌስታል ብቻ ይዛለች፣ ከስታለች። ሰው እየተላቀሰ እየሳማት መጣ። እርሷ ግን በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ እናቷን ነበር የምትፈልገው። እናቷም ከምሰሶው አጠገብ አልነቃነቅ ብለዋል። የዚያን ጊዜ ደግመው ላሟን ሊያዩ እንዳይወጡ ልቤ ፈራ።

አልወጡም። የእጄን አንጓ ጨምድደው ያዙና በሰው መሐል እየጎተቱ ልጅቷ ፊት አደረሱኝ። አልሳሟትም፤ ሰላምም አላሏትም። እጄን አንስተው አፍንጫዋ ሥር አቀረቡላት።

“እዪ” አሏት። “አልሸፈንሁትም።”

ልጅቷ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። እጄን በሁለት እጇ ይዛ ድንጋዩን ትክ ብላ አየችው። ጥፍሮቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው።

“እማ” አለች በመጨረሻ። “ይሄማ በዛ። ልብስ ስታጥብ ይቧጭርባታል። ሲወልዱም ሕፃን ይቧጭራል።”

“ብየው ነበር” አሉ አማቴ ሳያፍሩ። “እምቢ ያለ ወርቅ ሠሪው ነው።”

“ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት።”

“ዝቅ ይበል እንጂ። እኔም ሳየው በዝቶብኝ ነው የሰነበትሁ።”

“በአንድ በኩል እንኳን ወርቅ ቢያቅፈው...”

“እኮ! እኔም ያልሁት ይሄን ነው።”

ሁለቱ በእጄ ላይ ተደፍተው፣ ግራና ቀኝ እያዞሩኝ፣ ጥፍሩ የቱ ጋ ይቆረጥ፣ ወርቁ የቱ ጋ ይነሳ ሲከራከሩ ጎረቤቱ ግራ ተጋብቶ ያያል። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ክንዴ ደንዝዞ ነበር። ለመንቀሳቀስ አልደፈርኩም።

“በይ ነገ ጠዋት ሐይቅ እንወርዳለን” አሉ አማቴ። “እኔና አንቺ። ራስሽ ትነግሪዋለሽ።”

ልጅቷ “እሺ እማ” አለች። ያለቀሰችው ያኔ ነው።