የተለጠፈ ስንጥቅ

መካኒኩ በዚያ ሁሉ የጋራዥ ሙቀት የቱታውን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፎ ነው የሚሠራው። ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት መምህርት ዓይኗን ከእሱ መንቀል አቃታት።

አንድ ጎረምሳ ያመጣት፣ ቱርቦ ያስገጠሙላት ቀይ መኪና ዳገት በወጣች ቁጥር እያፈላች አስቸግራለች። መካኒኩ ራዲያተሩ ውስጥ የሚንተከተከውን ውሃ አየና፣ “ቴስታታው አልቆለታል” ብሎ ያንኑ የሞተሩን የላይ ክዳን ፈታ። እውነትም ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ግን አንድ ዓይነ ደረቅ በማጣበቂያ ደፍኖታል።

“ይህን የለጠፈ እጁ ይሰበር!” ብሎ ጮኸ።

ባለመኪናው ጎረምሳ ሳቅ አለ። “እኔንም ሸውደው ነው የሸጡልኝ፣ ጋሼ። አንተም መልሰህ ለጥፍልኝ፤ ነገ ገዢ ይመጣል።”

“ገዢውስ የሰው ልጅ አይደለም? ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ቀጥ ቢልበትስ?” ደም ሥሩ ተገታተረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “የኔም ልጅ የገዛችው የተለጠፈ ነበር” አለ።

ጎረምሳው አንገቱን ደፋ። መምህርቷም ዓይኗን ወደ ተቆለፈው የመካኒኩ እጅጌ መለሰች።

መካኒኩ ስንጥቁን በጠመኔ ከበበው። ቴስታታውን ተሸክሞ ወስዶም የገባ ሁሉ እንዲያየው በሩ አጠገብ አስቀመጠው።

“ገዢህን ይዘህ ና” አለ። “እኔው ራሴ አሳየዋለሁ።”