የምናገባሽ ቁንጫ

ሸዋአየሁ ቡችላዋን «ምናገባሽ» ያለችው ለውሻው ብላ አይደለም፤ ለጎረቤቷ ለተናኘወርቅ ብላ ነው።

ሸዋአየሁ ካዛንቺስ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ «ጥብቅ ምስጢር» የተባለ ደብዳቤ ስትመታ ኖራ፣ ሲጠይቋት አትወድም። ተናኘወርቅ ደግሞ ሳትጠይቅ አትውልም። ሁለቱ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በር ለበር ናቸው። «ዘንቢልሽ ከብዷል፣ ምን ገዛሽ?» «ልጅሽ ደወለች?» ሸዋአየሁ መልሱን በውሻ ስም ላከችው። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ቆማ ቡችላዋን ስትጣራ ልቧ ቅቤ ይጠጣል።

ተናኘወርቅ ገብቷታል። በስሙ ግን ጠርታው አታውቅም፤ ራሷን በራሷ መስደብ ይሆንባታላ። ከንፈሯን ብቻ መጠጥ ታደርጋለች፣ ቡችላውም በሩጫ ይደርሳል።

ሸዋአየሁን ያንገበገባት ይኼ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ሰምታ አድጋለች። ወተት የምታጠጣው እሷ፣ ጭራ የሚቆላው ለተናኘወርቅ። ባሏ በሕይወት ሳለ እንኳ እንዲህ ቀንታ አታውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ቡችላው ሰውነቱን ያክ ጀመር። ሆዱ ሥር ጸጉሩ ተመልጦ ቀያይ ነጠብጣብ ታየ። ቁንጫ ነው። ሸዋአየሁ በመድኃኒት አጠበችው፣ ጥርሱ ጠበብ ባለ ማበጠሪያ አበጠረችው፣ የሚተኛበትን ጆንያ በፈላ ውሃ ቀቀለችው። ብዙም ሳይቆይ ቁንጫው ተመለሰ፤ ቡችላውም መሮጥ ተወ።

መስቀል ፍላወር ያለው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ድዱን ገልጦ አየ፤ ነጥቷል።

«እናቴ፣ የቁንጫው እንቁላል የሚራገፈው ውሻው የሚተኛበት ላይ ነው። ማለቴ፣ ሌላ የሚተኛበት ቦታ አለ እንዴ? ገና ቡችላ ነው፣ በቃ፣ ደሙን እንዲህ እየመጠጡት አይቆይም።»

መልሱን ታውቀዋለች። ከቅዳሴ ስትመለስ ቡችላው ከየት እንደሚወጣ ስንቴ አይታ እንዳላየች ሆናለች። አሁን ግን ሄዳ መጠየቅ ሊኖርባት ነው፤ ያውም እሷ። ታክሲ ውስጥ ቡችላውን አቅፋ በቅናት ስትብሰለሰል መጣች።

ግቢ ደርሳ መሬት አወረደችው። ቁልፏን ከቦርሳዋ እስክታወጣ ተሰወረ። ለመቆም አቅም ያጣው ቡችላ እዚያ ለመሄድ አቅም አላጣም። ሄዳ የተናኘወርቅን በር አንኳኳች።

«ተናኜ፣ ውሻዬ አንቺ ጋ ነው እንዴ የሚተኛው?»

ተናኘወርቅ ይህችን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ምናገባሽ?»

ከአልጋው ሥር ኮሽ አለ። ቡችላው ስሙ ሲጠራ ሰምቶ እየተጎተተ ወጣ። ሁለቱንም ተራ በተራ አየና፣ የጠራችው እግር ሥር ሄዶ ተጋደመ።

ተናኘወርቅ ልትስቅ ነበር። ጎንበስ ብላ ሆዱን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

«ምን ሆኖ ነው?»

ሸዋአየሁ ተጠይቃ መለሰች። የነጣውን ድድ፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ሁሉንም ነገረቻት። ተናኘወርቅ እየሰማች ከአልጋው ሥር የቡችላውን ምንጣፍ ጎትታ አወጣች። ጋቢ ነው፤ ያውም ያላረጀ። ሸዋአየሁ ያነጠፈችለት ጆንያ ነበር።

«አምጪው፣ እኔ አጥበዋለሁ» አለች ሸዋአየሁ፣ ዓይኗን ከጋቢው ሳትነቅል።

ሲደርቅ ማን አልጋ ሥር እንደሚነጠፍ ግን በልቧ ቆርጣለች።