የአባቴ ድምፅ በአምስት መቶ ፊደል

አባቴ ያረፈው አዲስ አበባ፣ ከገዛ አልጋው ላይ ነው። ድምፁ የት እንደተዘጋበት ግን እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም።

ዕድሜውን ሁሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሰው አቤቱታ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ ደክሞ ብዕሩን ሲያስቀምጥ፣ ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ ያን ሁሉ የሰው ጉዳይ ያስወራው ጀመር። በሕይወት እያለ ሞተ ተብሎ የተመዘገበውን ጡረተኛ፣ በአንድ ባሕር ዛፍ ምክንያት አሥር ዓመት የተካሰሱትን ጎረቤታሞች። ደግሞ እንዴት አድርጎ ያወራ ነበር! ጀርመን ያለችው ታላቅ እህቴ ድምፅና ቪዲዮ በሚቀመጥበት በአንድ ትልቅ የኢንተርኔት ድርጅት አካውንት ከፈተች። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ይጭናል፣ እኔ ከካናዳ፣ ከካልጋሪ ርዕስ አወጣለሁ። ለሕዝብ አልለቀቅነውም። አባባ ራሱ “የሰው ገመና ነው፣ ከቤት እንዳይወጣ” ብሎናል። ስለዚህ ፓስዎርዱ አንድ፣ ተጠቃሚዎቹ ሦስት ሆንን።

ከዚያ አረፈ። በአርባው ቀን ቤት የሞላው ዘመድ “እስቲ ድምፁን አሰሙን” አለ። ወንድሜ እንዴት ብሎ እምቢ ይበል? ፓስዎርዱን ሰጠ። የአክስቴ ልጆች ከስዊድን፣ የአጎቴ ሚስት ከዱባይ፣ እኔ ደግሞ ካልጋሪ፣ ፋልከንሪጅ የሚባለው ሰፈሬ፣ ሶፋዬ ላይ ተኮራምቼ፣ ሁላችንም ባንዴ ገባን። ልቅሶ ቤት እንዲህ አይደል? በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይገባል፣ ማነህ የሚል የለም። የድርጅቱ ማሽን ግን ስለ ልቅሶ ምን ያውቃል? ሌባ የገባ መሰለውና አካውንቱን ዘጋው። “ባልተለመደ አጠቃቀም ምክንያት” የምትል አንዲት መስመር ላከልን፤ ከስድስት ወር በኋላም ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ነገረን። ወንድሜ ስልኩ እንዳይሞላበት ሲል የጫነውን ሁሉ ከስልኩ ላይ ያጠፋ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረንም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ሳስታውስ የሚመጣብኝ ድካም ብቻ ነው። የምሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ኬር ሆም ነው። የሰው አባት አጥቤ፣ አልብሼ፣ አብልቼ ስጨርስ ሠራተኛ የሚያርፍበት ብሬክ ሩም ገብቼ የድርጅቱን ፎርም እሞላለሁ። ፎርሙ ይላካል፤ በሰከንድ ውስጥ መልስ ይመጣል። በሰከንድ ውስጥ የሚመልስ ሰው ደግሞ የለም። ያው ያቺው መስመር ናት። አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። ከማሽን ጋር እየተሟገትኩ ነው አልኳት። “እኔ ከባሌ ጋር ነው፤ ልዩነት የለውም” ብላ ሻይዋን ይዛ ሄደች።

ስድስተኛው ወር ሲጋመስ እህቴ ደወለች። ሥራ ልገባ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር፤ ፊቴን ብርዱ እየላጠኝ።

“ስሚ አንቺ፣ ሕግ አለ!” አለችኝ።

“የምን ሕግ?”

“እዚህ ሸማቾችን የሚያማክሩበት ቢሮ ሄጄ ነበር። አውሮፓ በቅርቡ አዲስ ሕግ አውጥቷል። እንደነዚህ ዓይነት ትልልቅ ድርጅቶች አካውንት ሲዘጉ ምክንያቱን አብራርተው መንገር አለባቸው። አቤት ስትይ በነፃ ይሰሙሻል፤ ቀነ ገደቡ ስድስት ወር ነው። ደግሞ አቤቱታውን ማሽን ብቻውን መወሰን አይችልም። ሰው ማየት አለበት፣ ሰው!”

“እና እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?”

“ዳቦ ቤት ነበርኩ! ቆሜ ስሸጥ! ሕግ አውቄ ተወለድኩ እንዴ? እዚህ የሰው መብት ብዙ ነው እኮ፤ በኢንተርኔት የገዛሽውን ጫማ እንኳ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ሳታፍሪ ትመልሻለሽ።”

“ጫማውን ተይውና…”

“ቆይ፣ ቆይ። መብቱ እዚህ ለሚኖር ሰው ነው። አንቺ ካናዳ ሆነሽ ብትጮሂ አይሰሙሽም። አካውንቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ የምከሰውም እኔ ነኝ። አንቺ ጻፊልኝ፣ እኔ ከአማካሪዋ ጋር ወደ ጀርመንኛ እመልሰዋለሁ።”

እኔ ልጽፍ! ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ የቀረውን የተማርኩት ከጃንጥላው ሥር፣ አባባ ሲጽፍ በትከሻው ላይ እያነበብኩ ነው። የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥኩ። በላይኛው ጥግ አመልካች፣ ከሥሩ ተጠሪ፣ መሐል ላይ “ጉዳዩ”። ከዚያ ጤናቸውን ጠየቅኩ። ከዚያ አባባ ማን እንደነበረ፣ ጃንጥላው ስንት ክረምት እንደቻለ፣ ስለዚያ ባሕር ዛፍ ሳይቀር ጻፍኩ። አራት ገጽ ሞላሁ። በመሐልም አንዴ አለቀስኩ። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት።

ደወለችና ገና ሃሎ ሳልል ሳቋ መጣ። “አንቺ ልጅ፣ ማሳጠሪያ አልፈጠረብሽም? የአቤቱታው ፎርም ላይ ያለው ሳጥን የሚቀበለው አምስት መቶ ፊደል ነው! ከሰላምታሽ ሳንወጣ አለቀ እኮ!”

“አምስት መቶ ፊደል? ለአንድ ሰው ዕድሜ?”

ድምፅዋ ወረደ። “ሆዴ፣ አውቃለሁ። ግን አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረን።”

ያን ቀን የተናደድኩት በድርጅቱ አልነበረም፤ በራሴ ነው። ከወረቀቱ ላይ መቀነስ ጀመርኩ። ጤናቸውን አወጣሁ። ጃንጥላውን አወጣሁ። ባሕር ዛፉን ሳወጣ እጄ እምቢ አለኝ፤ ግን አወጣሁት። አባባ ከባለጉዳይ ጋር የሚጨቃጨቀው ለካ በዚህ ነበር። “የኔ እናት፣ ዳኛው ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲሰማ ነው የዋለው፤ ደክሞታል። የሚፈልጉትን መጀመሪያ ይንገሩት” ይል ነበር። ከተዘጉት ድምፆች በአንዱ ውስጥ ይህንኑ ሲያወራው እኔው ነኝ ርዕስ ያወጣሁለት፤ ግን ለራሴ አልሰማሁትም።

የቀረው ይህ ነበር፦ “አካውንቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አባቴ በሞተ በአርባኛው ቀን ዘመዶቼ ድምፁን ሊሰሙ በእኔ ፓስዎርድ ገቡ፤ በአገራችን ለብቻ አይለቀስም። ሌላ ቅጂ የለንም። እባካችሁ ሰው ይየው።”

ላከችው። ከዚያ ጠበቅን። ያሉን ስድስት ወራት አለፉ። ጠፍቶ ይሆናል እያልኩ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ጠፍቶ ይሆናል እያልኩ እመለሳለሁ። መጨረሻ ላይ ማሰቡ ራሱ ደከመኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሥራ ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ እንደተዘረጋሁ ስልኩ ጮኸ።

“ሰው አየው” አለች እህቴ። ሌላ ምንም አላለችም፣ ማልቀስ ጀመረች።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነበር፤ ምክንያቱ ተብራርቶ ተጽፏል። አካውንቱ ተከፍቷል፤ ግን ከእንግዲህ ከባለቤቷ በቀር ማንም በፓስዎርዱ እንዳይገባ ይላል።

“አዲሱን ፓስዎርድ ለማንም አልሰጥም” አለች። “ለአንቺም።”

“አትስጪኝ።”

“ቀስ ብዬ አውርጄ እልክልሻለሁ። አሁን ግን ዝም ብለሽ ስሚ።”

ስልክ ከስልክ ሲገናኝ የሚንኮሻኮሸው ተሰማኝ፤ ከኋላው የጀርመን አምቡላንስ አለፈ። ከዚያ አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። “ይቀዳል እንዴ?” አለ። ወንድሜ “ይቀዳል አባባ፣ ያውሩ” አለው።

ባሕር ዛፉን ጀመረ። ጫማዬን አወለቅኩና እግሬን ሰብስቤ ጋደም አልኩ። እንዳያሳጥረው ብቻ ነበር ልመናዬ።