በያጁ በፋርማሲስቱ ቀና

በያጁ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለበት ሰው ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሚስቱ ይህን እያወቀች ነው ያገባችው፤ እንዳይዛትም በየቀኑ የመከላከያ ኪኒን ትውጣለች። እሱን ያንገበገበው ግን ኪኒኑን የሚሰጣት መልከ መልካም ፋርማሲስት ነው። ከጤና ጣቢያ በተመለሰች ቁጥር ፊቷ ፈክቶ ሲያይ አንጀቱ ይቃጠላል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አላስችል አለው።

«ያ ሰውዬ ምን እያለ ነው የሚያስቅሽ?»

«ተመርምሬ ከቫይረሱ ነጻ መሆኔን እየሰማሁ አልስቅ?» አለችው። «አንተ ሰው፣ ቫይረሱንስ በኪኒን ተከላከልኩት፤ ቅናትህን በምን ልከላከለው?»

ሳይወድ ሳቁ አመለጠው። ቀጠሮዋ ሲደርስ ግን ሥራውን ጥሎ አብሯት ሄደ። ፋርማሲስቱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ!» አለው።

«ጋሼ» መባሉ ደግሞ የባሰ አንገበገበው።