ጃፓኖች አንቱ ሲባባሉ

እትዬ ያለምወርቅ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ማጠፍ ከጀመሩ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ሥራቸው ማጠፍ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱን አንሶላ ወደ መብራት አንስተው ቀዳዳና እድፍ ይፈልጉበታል። ዐመሉ ቤት ድረስ ተከትሏቸው መጥቷል። የቄሱን ስብከት፣ የጎረቤታችንን የጽጌን ወጥ፣ የኔን ፀጉር፣ ሁሉንም እንደ አንሶላው ያገላብጡታል። ፍትሐዊ ናቸው፣ ጥሩ ጎኑን ነው የሚያስቀድሙት። ደካማ ጎኑ ግን አይቀርም።

እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ስሜ ዘርይሁን ነው፤ ዘር የመተካቱ አደራ ከስሙ ጋር አብሮ ተሰጥቶኛል። እናቴ ስትሞት በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ከካርቱም ይዘውኝ መጥተው፣ ሴንት ጄምስ ታውን ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ አሳደጉኝ። ቶሮንቶ ውስጥ ከሳቸው ሌላ ዘመድ የለኝም። ወንድ እንደምወድ፣ የምወደው ልጅ እንዳለም አያውቁም ነበር። ቢያውቁ ያባርሩኛል ብዬ አልነበረም የምፈራው። ዝም ይሉኛል ብዬ ነው። እሳቸው ዝም ያሉበት ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር አላውቅም።

በፈረንጆቹ 1995 በረዶው ሲጀምር፣ የልዩ ልዩ አገር ፕሮግራም የሚያሳየው ቻናል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የጃፓን ተከታታይ ድራማ ማቅረብ ጀመረ። እትዬ እንግሊዝኛ ይናገራሉ እንጂ ከሥር የሚጻፈው ሳያነቡት ያልፍባቸዋል። ስለዚህ አስተርጓሚ እኔ ሆንኩ። ታሪኩ የአንድ ልብስ ሰፊና የአንድ ባቡር ነጂ ፍቅር ነው፤ ሁለቱም ወንዶች ናቸው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል። እትዬ ግን ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ፣ አንዱ ሌላውን ሲያጎርስ፣ ባንድ ብርድ ልብስ ሲተኙ ምን ይገርማቸዋል? አገር ቤት ያደጉት ይህንኑ እያዩ ነው።

“ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው” አሉ። “ቻናሉን ቼንጅ እንዳታደርገው።”

በሁለተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊው ነጂውን ትክ ብሎ እያየ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከሥር “አይ ላቭ ዩ” የሚል ጽሑፍ ወጣ። እወድሃለሁ የሚለው ቃል፣ ለወንድ፣ በኔ አፍ፣ በሳቸው ፊት አልወጣ አለኝ።

“እወድዎታለሁ ይላል” አልኩ። በአንቱ ከሆነ ለሽማግሌም ለቄስም ይባላል።

“ጨዋ ሕዝብ ናቸው” አሉ እትዬ።

አንዴ ከገባሁበት መውጫ አጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ሰዎች በየሳምንቱ አንቱ አባባልኳቸው። እትዬም በየሳምንቱ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። ጫማቸውን በር ላይ ማውለቃቸውን ወደዱላቸው። ቀስ ብለው መናገራቸውን፣ ልብስ ሰፊው ክር በጥርሱ አለመበጠሱን አመሰገኑ። ደግሞ ሰው ባዘነ ቁጥር ዝናብ ማዝነባቸው ሰለቻቸው። ሙዚቃውንም “ሳይከፋኝ አልቅሺ ይለኛል” ብለው ነቀፉት። ከሁሉ ያናደዳቸው ለነጂው የታጨችው ልጅ ነገር ነው። “እንደ አሮጌ ጨርቅ ጣሏት። ደራሲው አላዘነላትም” አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ለልጅቷ አዝኜ ነበር።

በዘጠነኛው ሳምንት ወዳጆቹ ተጣሉ። ልብስ ሰፊው መቀሱን ወርውሮ ጮኸ።

“ከቤቴ ይውጡ! ዐይንዎን ማየት አልፈልግም” ብዬ ተረጎምኩ።

እትዬ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። “ሰው መቀስ ወርውሮ አንቱ ይላል?”

“ጃፓኖች እኮ እትዬ…”

“ጃፓኖቹን ተዋቸው። ተቆጥቶም አንቱ፣ ተኝቶም አንቱ! ሰውየው የሚለውን ንገረኝ።”

እሺ አልኩ። በዐሥረኛው ሳምንት ሺፍት አለኝ ብዬ ዋሽቼ ወጣሁና በብርድ ስዞር ዋልኩ። ለዐሥራ አንደኛው፣ ለመጨረሻው ክፍል፣ ግን ጠብቀው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ነጂው ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሊሄድ ነው። ፍቅሩን ለእናቱ ሳይነግራት፣ ጣቢያው ላይ ቆሞ ልብስ ሰፊውን ተሰናበተው። ጽሑፉ ወጣ።

“እወድሃለሁ” አልኩ። “እወድሃለሁ ነው የሚለው፣ እትዬ። እንደ ባልና ሚስት።”

እትዬ ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አላነሡም። ባቡሩ ሄደ፣ ዘነበ፣ አለቀ። ተነሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉና ተመልሰው ተቀመጡ።

“ጥሩ ጎን አለው” አሉ በመጨረሻ። “አላሾፈባቸውም። ጓደኝነት የመሰለኝ የራሴ ሞኝነት ነው።”

“ደካማ ጎኑስ?”

“እናትየዋ ናታ። ዐሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ሩዝ ስታቀርብ፣ ሳህን ስታነሣ አየናት። ሁለቱም ፈሯት እንጂ አንድም ቀን አልጠየቋትም። ምን እንደምትል እነሱው ወሰኑላትና ልጇ ጥሏት ሄደ። ይሄ ትልቅ ቀዳዳ ነው።”

“ቢነግራት ምን ትል ነበር?” አልኳቸው።

“ምን ትላለች። መጀመሪያ ታለቅሳለች።” እጃቸውን አዩት። “አለቅሳለሁ። አልዋሽህም። የነፍስ አባቴ ምን ይላሉ፣ አደራዋን የሰጠችኝ እህቴ ምን ትላለች እያልኩ አለቅሳለሁ። ከዚያ ፊቴን እታጠባለሁ።”

እንዳሉትም አለቀሱ። ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። ያን ያህል ዓመት የተሸከምኩት ፍርሃት ሲለቀኝ ተሰማኝ፤ እሳቸው እያለቀሱ እኔ ደስ አለኝ፣ ይቅር ይበለኝ።

ቆይተው ተነሡና መታጠቢያ ቤት ገቡ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ሰማሁት። ፊታቸው እንደረጠበ መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

“ስሙ ማን ነው?”

“ማኑ” አልኩ።

“የየት አገር ልጅ ነው?”

“የሕንድ።”

ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ።

“ሥጋ ይበላል?”